የአራት ዓመቱ ሕፃን ደም፦ ዲኤንኤ የቆየ የግድያ መዝገብ ሲከፍት ምን ያህል እንመነው?

ሰናይ በ.

ሦስት ሌሊት ሳገላብጠው የከረምኩትን ጉዳይ ላውጣው፤ ምናልባት እናንተ ትገላግሉኛላችሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1969 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ጄን ሚክሰር የምትባል የ23 ዓመት የሕግ ተማሪ ወደ ወላጆቿ የሚያደርሳት ባለመኪና ፈልጋ በዩኒቨርሲቲዋ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች። ከቤት አልደረሰችም። አስከሬኗ መካነ መቃብር ውስጥ ተገኘ፤ ጭንቅላቷን በጥይት ተመትታለች፣ አንገቷ ላይ የሴት ካልሲ ተቋጥሯል። በዚያው ሰሞን በአካባቢው ወጣት ሴቶችን እየገደለ የሚጥል ሰው ስለነበረ ሕዝቡም ፖሊሱም የእሷን ሞት ለእሱ አሸክሞ ዓመታት አለፉ።

ከ30 ዓመት በኋላ ልብሷና ከእጇ ጀርባ ተነሥታ የተቀመጠች አንዲት የደም ጠብታ ላቦራቶሪ ገቡ። ከእግር ሹራቧ ላይ የተገኘው ዲኤንኤ በፖሊስ የዲኤንኤ መረጃ ቋት ውስጥ ካለ አንድ ጡረተኛ ነርስ ጋር ገጠመ። ሰውየው ቋቱ ውስጥ የገባው ከሐሰተኛ የመድኃኒት ማዘዣ ጋር በተያያዘ ነው። እስከዚህ ድረስ ደህና። የደም ጠብታዋ ግን የሌላ ሰው ሆና ተገኘች። ያ ሌላ ሰው የገዛ እናቱን በመግደል የተፈረደበት ነው። ሚክሰር በተገደለች ጊዜ ዕድሜው አራት ዓመት ነበር።

አራት ዓመት! ከዚያ ደግሞ የሟቿ ልብስ፣ የነርሱ ናሙናና የያኔው ሕፃን ናሙና በአንድ ላቦራቶሪ፣ በ2002 መጀመሪያ፣ በተቀራረበ ጊዜ መመርመራቸው ታወቀ። ላቦራቶሪው «አንዱ ናሙና ሌላውን አልነካም» ብሎ ጸና። በ2005 ነርሱ ጥፋተኛ ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በ2019 እዚያው እስር ቤት ሞተ።

ጠብታዋ ስህተት ከሆነች የሹራቡን ውጤት በምን እናምናለን? ትክክል ከሆነች ደግሞ የአራት ዓመት ልጅ በዚያ ሌሊት እዚያ ምን ይሠራል?


አልማዝ ተ.

ሰናይ፣ አንድ የተወሳሰበ መዝገብ ይዘህ ሙያውን በሙሉ አትኮንን። የዲኤንኤ የመጀመሪያ የግድያ መዝገብ ምን እንደነበረ ታስታውሳለህ?

እንግሊዝ ውስጥ ሌስተር አቅራቢያ በ1983 እና በ1986 ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተደፍረው ተገደሉ። ፖሊስ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ያዘ፤ ልጁም ሁለተኛዋን ገድያለሁ ብሎ አመነ። «አመነ» ስልህ በአንደበቱ። በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቱ አሌክ ጄፍሪስ ሰውን በዲኤንኤ የመለየት ዘዴውን ካገኘ ገና ሁለት ዓመቱ ነበርና ፖሊስ «እስኪ የመጀመሪያዋንም እሱ መግደሉን አረጋግጥልን» አለው። ጄፍሪስ መረመረና ሁለቱንም የደፈረው አንድ ሰው ነው፣ ያ ሰው ግን የያዛችሁት ልጅ አይደለም አላቸው። ልጁ ተፈታ። ቀጥሎ ወደ 5,000 የሚጠጉ የአካባቢው ወንዶች ደም ሰጡ፤ ማንም አልገጠመም። ለምን? ኮሊን ፒችፎርክ የተባለው ዳቦ ጋጋሪ የሥራ ባልደረባውን ለምኖ በስሙ ደም አሰጥቶ ነበራ! ባልደረባው መጠጥ ቤት ውስጥ ምስጢሩን ሲያወራ የሰማች ሴት ለፖሊስ ነገረች። በ1988 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ይህ ዘዴ ባይኖር ኖሮ ያ የ17 ዓመት ልጅ ባመነው ቃል ታስሮ ይቀር ነበር። እስኪ ከዚህ የተሻለ ምስክር አምጣልኝ።


ዝምተኛው

ማሽን አይዋሽም። የሚዋሸው ሰው ነው። ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል።


ጋሽ ታምሩ

ዝምተኛው ልጄ፣ ማሽንማ አይዋሽም። የሰጡትን ያነብባል። የሰጡት ነገር ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም፤ መከራውም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከ20 ዓመት በላይ በዚህ በዲኤንኤ ምርመራ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰናይ ወዳነሣው ጥያቄ ከመግባቴ በፊት ስለ ዕቃው ላውራችሁ፤ ሰው ሁሉ ስለ ቁጥሩ ይከራከራል፣ ዕቃው ስለተቀመጠበት ፖስታ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በ1980ዎቹ ምርመራው የሚፈልገው ደም ብዙ ነበር፤ ሳንቲም የሚያህል የደም ነጠብጣብ ከሌለ ውጤት አይገኝም። ኬሪ ሙሊስ በ1983 ያፈለቀው ዲኤንኤን የማባዛት ዘዴ ሥራ ላይ ሲውል ነገሩ ተገለበጠ። አሁን ጥቂት ሕዋሳት ይበቃሉ። አንድ የሰው ሕዋስ የሚይዘው ዲኤንኤ 6 ፒኮግራም ገደማ ነው፤ ፒኮግራም ማለት የግራም ትሪሊዮንኛ ክፍል ነው። ለቆዩ መዝገቦች ትንሣኤ የሆነው ይኸው ነው። ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል፤ የነፍሰ ገዳዩን አምስት ሕዋስ የሚያነብብ መሣሪያ የእኔንም አምስት ሕዋስ ያነብባል።

በ1969 ልብስ የሰበሰበ መርማሪ ጓንት የሚያደርገው፣ ቢያደርግም፣ የራሱን እጅ ከደም ለመጠበቅ ነው። አፉን አይሸፍንም። በልብሱ ላይ ጎንበስ ብሎ ያወራል፣ ያስነጥሳል። የሁለት ሟቾችን ልብስ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ኤግዚቢቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ማንም አላጠፋም፤ ከዓመታት በኋላ የትንፋሽ ፍንጣቂ እንደሚነበብ ማን ነግሯቸው? እንግዲህ የቆየ ኤግዚቢት ስትከፍቱ የገዳዩን ብቻ ሳይሆን የነካውን ሁሉ ታሪክ ነው የምትከፍቱት።

ደግሞ ማስቀመጫው አለ። እርጥብ ልብስ በፕላስቲክ ከታሸገ ይሻግታል፤ ባክቴሪያውና ሻጋታው ዲኤንኤውን ይበላዋል። በወረቀት ፖስታ ደርቆ የተቀመጠ ግን ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ስንት መዝገብ በላስቲክ ከረጢት ምክንያት ሞቶ አይቻለሁ መሰላችሁ።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ከአንድ ቢላዋ እጀታ ላይ የወንድ ዲኤንኤ አወጣን። ቋቱ ውስጥ የለም። መርማሪዎቹ ደስ አላቸው፤ አዲስ ተጠርጣሪ ተገኘ ብለው። እኛ ዘንድ የሠራተኞቹ ሁሉ ዲኤንኤ የሚቀመጥበት የራሳችን ዝርዝር ነበረና ለወጉ ያህል አስተያየነው። ተጠርጣሪው ከኔ ሁለት ወንበር ርቆ የሚቀመጥ ባልደረባችን ሆኖ ተገኘ! ቢላዋውን ነክቶት አያውቅም። ፖስታው ሲከፈት አጠገባችን ቆሞ ሲያወራ ነበር። ዝርዝሩ ባይኖር ኖሮ ያንን «ያልታወቀ ወንድ» ስንፈልግ ዓመት እንባጅ ነበር።


ሰናይ በ.

ጋሽ ታምሩ፣ እርስዎ የሚሉት እንግዲህ የጀርመኗን «ሴት» አስታወሰኝ።


ጋሽ ታምሩ

እሷንማ እንዴት እረሳለሁ! ለማታውቁት፦ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ወደ 40 በሚጠጉ የወንጀል ቦታዎች የአንዲት ሴት ዲኤንኤ ተገኘ። ግድያ ላይ አለች፣ የመኪና ስርቆት ላይ አለች፣ ቤት ሰብሮ መግባት ላይ አለች። በ2007 ሃይልብሮን ከተማ አንዲት ፖሊስ ስትገደል እዚያም ተገኘች። ጠቋሚ ለሚያቀርብ 300,000 ዩሮ ወሮታ ተመደበ። ያየኋት የሚል ግን ጠፋ።

በ2009 በቃጠሎ የሞተ አንድ ወንድ ጥገኝነት ጠያቂ ማንነት ለማረጋገጥ ምርመራ ተደረገ፤ ውጤቱ ያቺው ሴት ሆነ። ሟቹ ወንድ ነው! ያኔ ነው የነቁት። ናሙና የሚነሣበትን የጥጥ እንጨት በፋብሪካ የምታሽግ ሠራተኛ ዲኤንኤ ነበር። ጥጡ ከጀርም የጸዳ ነው፤ ከጀርም የጸዳ ማለት ግን ከዲኤንኤ የጸዳ ማለት አይደለም። ጀርሙን የሚገድለው ሂደት ዲኤንኤውን እንዳለ ይተወዋል። ከሌላ አምራች ጥጥ ይገዛ በነበረው በባቫሪያ ግዛት «ሴትየዋ» ብቅ ብላ አታውቅም ነበር። ካርታውን ያየ ሰው ያንን ክፍተት ቀድሞ መጠየቅ ነበረበት።


ሐመልማል (ጠበቃ)

ጋሽ ታምሩ ስለ ፖስታው ነገሩን፤ እኔ ደግሞ በችሎት ስለሚነሣው ልናገር። ዲኤንኤ «የማን ነው?» ለሚለው ይመልሳል። «እንዴት እዚያ ደረሰ?» እና «መቼ?» ለሚሉት መልስ የለውም። አንድ የዲኤንኤ ቅሪት የዛሬ ሳምንት ይሁን የዛሬ 30 ዓመት፣ ከገጹ ላይ ተነሥቶ አይነበብም። የግድያ ክስ ግን የሚቆመው በሁለቱ ላይ ነው።

በ2012 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ባለሀብት በቤቱ ተገደለ። ከጥፍሩ ሥር የተገኘው ዲኤንኤ ከአንድ ቤት አልባ ሰው ጋር ገጠመ። ከባድ ማስረጃ ነው፤ ሟች ሲታገል ገዳዩን ቧጭሯል ተብሎ ይተረጎማል። ሰውየው ሞት በሚያስቀጣ ክስ ከአምስት ወር በላይ ታሰረ። ጠበቆቹ የሕክምና መዝገቡን ሲመለከቱ በግድያው ሌሊት ጠጥቶ ወድቆ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ታዲያ ጥፍር ሥር እንዴት ገባ? ሰካራሙን ወደ ሆስፒታል ያደረሱት የአምቡላንስ ሠራተኞች በዚያው ሌሊት ወደ ተገደለው ሰው ቤት ተጠርተው ነበር። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክሲጅን መለኪያ ሳያሸጋግረው አልቀረም ተባለ።

ልብ በሉ፤ ይህ ሰው የዳነው ሌሊቱ ቅርብ ስለነበር ነው። የሆስፒታል መዝገብ አለ፣ የአምቡላንስ ስምሪት አለ። ግድያው የ1975 ቢሆን ኖሮስ? «ያን ሌሊት የት ነበርክ?» ተብሎ የሚጠየቅ የ70 ዓመት ሽማግሌ ማንን ምስክር ይጠራል? መዝገቡ ተቃጥሏል፣ ጎረቤቱ ሞቷል፣ እሱም አያስታውስም። በቆየ መዝገብ ዲኤንኤው እየጠራ ሲሄድ መከላከያው ደግሞ እየደበዘዘ ይሄዳል።


አልማዝ ተ.

ሐመልማል፣ ይህን ስታነሺ የሌላው ወገን ሰው ማን እንደሆነ አትርሺ። በየመዝገቡ ውስጥ አንድ ሟች አለ።

በ1999 ሆላንድ ውስጥ ማሪያኔ ፋትስትራ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ በብስክሌት ወደ ቤቷ ስትመለስ ተገደለች። ሕዝቡ ወዲያው ጣቱን የቀሰረው በአቅራቢያው ወደነበረው የስደተኞች ማረፊያ ነው። ዲኤንኤው እዚያ በተጠረጠሩት ላይ አልገጠመም፤ ሐሜቱ ግን አልበረደም። በ2012 ሕጉ በቤተሰብ ተዛማጅነት፣ ማለትም በዘመድ ዲኤንኤ በኩል፣ መፈለግን ሲፈቅድ ከ7,000 በላይ የአካባቢው ወንዶች በፈቃዳቸው ናሙና እንዲሰጡ ተጠሩ። የገጠመው ማን ነበር? ከቦታው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር፣ ባለትዳርና የልጆች አባት የሆነ የአገሬው ገበሬ። ናሙናውን የሰጠው በገዛ እጁ ነው፤ ኋላም አመነ። እነዚያ ስደተኞች ለ13 ዓመት የተሸከሙትን ጥርጣሬ ማን ያነሣላቸው ነበር?


ስሌት ወዳድ

ስለ ቁጥሩ ትንሽ ልጨምር፤ ጋዜጦች ሁልጊዜ የሚያበላሹት እሱን ነው።

«በአጋጣሚ የመግጠም ዕድሉ ከሚሊዮን አንድ ነው» ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው «ተከሳሹ ንጹሕ የመሆን ዕድሉ ከሚሊዮን አንድ ነው» የሚለውን ነው። ሁለቱ እጅግ ይለያያሉ። 60 ሚሊዮን ሰው ባለበት አገር ከሚሊዮን አንድ ማለት 60 የሚገጥሙ ሰዎች ይኖራሉ ማለት ነው። ተከሳሹን ከ59ኙ የሚለየው ሌላ ማስረጃ ከሌለ በቁጥሩ ብቻ የትም አይደረስም። በተለይ ሰውየው የተገኘው ቋት ሲበረበር ከሆነ።

ይህ በእውን የደረሰ ነው። በ1999 እንግሊዝ ውስጥ የፓርኪንሰን በሽታ ያለበትና ከቤት መውጣት የሚቸግረው ሰው ሩቅ ከተማ ሄዶ ቤት ሰብሯል ተብሎ ተያዘ። በዲኤንኤው ላይ የሚተያዩ ስድስት የዘረመል ነጥቦች ገጥመዋል፤ የአጋጣሚ ዕድሉ ከ37 ሚሊዮን አንድ ነው ተባለ። ጠበቃው ወጥሮ ሲይዝ አሥር ነጥብ ታየ፤ ሰውየው አልገጠመም።

ዛሬ አሜሪካኖች ከ2017 ጀምሮ 20 ነጥብ ነው የሚያስተያዩት፤ ከዚያ በፊት 13 ነበር። ሙሉ ሃያው ሲገጥም የአጋጣሚው ዕድል ለማሰብ እንኳ የሚከብድ ኢምንት ነው። ግን እዚህ ላይ ነው ቀልዱ፦ የላቦራቶሪው ስህተት ከሺህ አንድ እንኳ ቢሆን፣ ከትሪሊዮን አንድ የሚለው ቁጥር ለጌጥ ነው የሚቀመጠው። ሰንሰለት የሚበጠሰው ከሳሳው ቀለበት ላይ ነው። የቆየ ናሙና ደግሞ ተቆራርጦ ስለሚገኝ ብዙውን ጊዜ ሃያው ነጥብ አይሞላም።


ዝምተኛው

እሺ፣ አልተሟላም እንበል። ባለሙያው አይቶ ይፈርዳል።


ሐመልማል (ጠበቃ)

ባለሙያውም ሰው ነው፣ ዝምተኛው። በ2011 ተመራማሪዎቹ ኢቲኤል ድሮርና ግሬግ ሃምፒኪያን ያወጡትን ሙከራ ተመልከት። የብዙ ሰዎች ዲኤንኤ የተቀላቀለበት የአንድ እውነተኛ ክስ ውጤት ነበር። የመጀመሪያዎቹ መርማሪዎች፣ ከተከሳሾቹ አንዱ በሌላው ላይ መመስከሩን እያወቁ፣ «ተከሳሹ አይገለልም»፣ ማለትም ቅልቅሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ብለዋል። ያው ወረቀት ስለ ክሱ ምንም ላልተነገራቸው 17 ባለሙያዎች ተሰጠ። 12ቱ «ይገለላል» አሉ፣ አራቱ «መወሰን አይቻልም» አሉ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጋር የተስማማው አንድ ብቻ ነው።

ስለዚህ የአንድ ሰው ንጹሕ ደም ሲሆን እና የሦስት ሰው ቅልቅል ሲሆን «ዲኤንኤ ተገኘ» የሚለው ቃል አንድ ዓይነት ክብደት የለውም። በችሎት ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ካባ ለብሰው ይገባሉ።


ሰናይ በ.

ወደ ጠብታዋ ልመልሳችሁ። የጄምስ ሃንራቲን ጉዳይ እያነበብኩ ነው። በ1961 በእንግሊዝ ኤ6 በተባለው መንገድ ላይ በተፈጸመ ግድያ በ1962 ተሰቀለ። ንጹሕ ነበር የሚሉ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት ተከራከሩለት። በ2001 አጽሙ ወጣና ዲኤንኤው ሽጉጡ ከተጠቀለለበት መሐረብና ከተደፈረችው ሴት የውስጥ ልብስ ላይ ከተገኘው ጋር ገጠመ። ደጋፊዎቹ «ኤግዚቢቶቹ አብረው ተቀምጠው ተበካክለዋል» አሉ። የይግባኝ ችሎቱ በ2002 የሰጠው መልስ ግን አፌን አስያዘኝ፦ የሃንራቲ ዲኤንኤ በብክለት የመጣ ከሆነ፣ የእውነተኛው ደፋሪ ዲኤንኤ የት ሄደ? አብሯት ከነበረውና ከተገደለው ሰው ሌላ የአንድ ወንድ ብቻ ነው የተገኘው።

ታዲያ ይህንኑ መመዘኛ ለሚክሰር ልንጠቀምበት አንችልም?


ጋሽ ታምሩ

ጥሩ አድርገህ ያዝከው፣ ሰናይ። ብክለት ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ይጨምራል እንጂ የነበረውን አያጠፋም። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚጠየቀው «እዚህ መገኘት ያለበትና የሌለው ማን ነው?» የሚለው ነው። በሃንራቲ ጉዳይ ያለው ቅሪት በአስገድዶ መድፈር ጊዜ በሚጠበቅበት ቦታ ላይ ያለ ነው፤ ዓይነቱም ቦታውም ከወንጀሉ ጋር ይሄዳል። ፍጹም ነው አልልም። የ40 ዓመት ልብስ ነውና ደጋፊው የሌላው ወንድ ቅሪት እንዴት እንደጠፋ አንድ መላ አያጣም፤ ግን መላው እየረዘመ ይሄዳል።

ሚክሰር ላይ ግን ጠብታዋ ራሷ ትጮኻለች። የአራት ዓመት ልጅ በሌሊት ግድያ ቦታ ተገኝቶ ደሙን ያንጠባጥባል ከማለት፣ በአንድ ሰሞን በአንድ ጣሪያ ሥር የነበሩ ናሙናዎች ተነካኩ ማለት እጅግ ይቀላል። ይህንን ካመንን ደግሞ የነርሱን ናሙና ከዚያው ጣሪያ አውጥተን «ይኼኛው ደህና ነው» ለማለት ጠንካራ ምክንያት ያስፈልገናል። እኔ ዳኛ ብሆን በዚያ ውጤት ብቻ አልፈርድም ነበር። ነርሱ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ ማስረጃው ሸክሙን አይችልም ማለቴ ነው።


አልማዝ ተ.

በዚህኛው ተረትቻለሁ። የልጁን ነገር ማንም ሊያስረዳኝ አልቻለም።

ግን ልብ በሉ፣ እኔ የምከራከረው ለወግ አይደለም። ወንድሜ ከተገደለ 22 ዓመት ሆነው። ማንም አልተያዘም። የለበሰው ሸሚዝ እስካሁን በኤግዚቢት ክፍል እንዳለ ባለፈው ዓመት ነገሩኝ፤ ይመርመርልኝ ብዬ ልጠይቅ እያሰብኩ ነው። እናንተን ሳነብ ግን ፈራሁ። ወይ የተበላሸ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ የአንድ ምስኪን ስም ይወጣና በወንድሜ ስም ሰው ይታሰራል።

ጋሽ ታምሩ፣ እርስዎ በኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ይጠይቁ ነበር?


ጋሽ ታምሩ

አልማዝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

መጀመሪያ ሸሚዙ በምን እንደተቀመጠ ጠይቂ፤ በወረቀት ነው በፕላስቲክ? በፕላስቲክ ከሆነም ተስፋ አትቁረጪ፤ ሲታሸግ ደርቆ ከነበረ ይተርፋል። ቀጥሎ የመረከቢያ መዝገቡን ጠይቂ። ፖስታው በእነዚህ 22 ዓመታት ስንት ጊዜ ተከፈተ፣ ማን ከፈተው፣ በምን ቀን፣ ማኅተሙ ላይ የማን ፊርማ አለ? በዚያ ላይ ክፍተት ካለ ከምርመራው በፊት ይታወቅ፤ ከውጤቱ በኋላ ሲታወቅ ሁሉም ለራሱ የሚመቸውን ይተረጉማል።

ሦስተኛው ትልቁ ነው። ጨርቁ በሙሉ እንዳይቆረጥ ለምኚ። ግማሹ ሳይነካ ተመልሶ ይታሸግ። አንድ ስም ቢወጣ ሌላ ላቦራቶሪ፣ ሌላ ሰው፣ ከአዲስ ቁራጭ እንደገና ያየዋል። ብክለቱ በመመርመሪያው ብልቃጥ ውስጥ ከተፈጠረ ከአዲሱ ቁራጭ ላይ አይደገምም። ሚክሰር ላይ የምንጨቃጨቀውን ጭቅጭቅ የሚያሳጥረው እሱ ነው። የመርማሪዎቹና የሠራተኞቹ ዲኤንኤም ይተያይ፤ የአንቺና የቤተሰቡም ጭምር፣ ሸሚዙን የነካችሁት ብዙ ናችሁና።

ደሙን ብቻ አይፈልጉ። ወንድምሽን የያዘው ሰው የት ይጨብጠው ነበር? አንገትጌው? የእጅጌው ጫፍ? መርማሪው ከመቁረጡ በፊት በዚያ ላይ ያስብ።


አልማዝ ተ.

ግራ እጅጌው ከትከሻው ላይ ተቀድዶ ነበር። አስታውሳለሁ፤ አንድ ቁልፍም ጎድሎ ነበር። ያኔ ማንም ስለ እጅጌው አልጠየቀንም።


ጋሽ ታምሩ

ይህንን ዛሬውኑ በወረቀት ላይ አስፍሪው፣ ቀን ጻፊበት፣ ፈርሚበት። ከማመልከቻሽ ጋር አያይዢው። የቀኝ እጅጌውም ይቀመጥ በያቸው፤ አንዱ ለማስተያያ ያስፈልጋል።